ኦቲዝምም ኤዲኤችዲም ያለበት አዋቂ ስሜቱን እንዴት ይያዝ?

ጥያቄ፦ የሐረጎ መንገደኛ (ደሴ)

ሰላም ቤተሰብ። ዕድሜዬ ሠላሳን አልፏል። ኦቲዝምም ኤዲኤችዲም (ትኩረት መሰብሰብና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግረው) እንዳለብኝ የተነገረኝ በቅርቡ አዲስ አበባ ተመርምሬ ነው። ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። ቀን ደህና እውላለሁ። ማታ ግን እናቴ «ምነው ዘገየሽ?» ስትለኝ እጮህባታለሁ፤ ከዚያ ክፍሌን ዘግቼ አለቅሳለሁ። ምን እንዳናደደኝ እንኳ አላውቀውም። ለኤዲኤችዲው ሜቲልፌኒዴት የሚባል መድኃኒት ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። «ታገሺ» የሚለውን ምክር ጠግቤዋለሁ። የሠራለት ሰው ይንገረኝ።

ጦሳ ሥር

አብሽሪ እህቴ፣ እኔም ሁለቱም አለብኝ። ጩኸቱ የእናትሽ ጥያቄ ያመጣው አይደለም። የሚኒባሱ ሙዚቃ፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ የቢሮው መብራት፣ የማያቆም ስልክ፣ ሁሉም ሲጠራቀም ውሎ ነው። ቀን ደህና የመሰልሽውም ራስሽን አፍነሽ ነው፤ እሱ ራሱ ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ ማታ ከመታገል ቀን ላይ ማቅለሉ ይሻላል። የጆሮ መድፈኛ ከኪሴ አይለይም። ከሥራ ስመለስ ፒያሳ ወርጄ ቤቴ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ማንንም አላናግርም። ቤት ደግሞ ተስማምተናል፦ እጄን ደረቴ ላይ ካደረግኩ «ግማሽ ሰዓት ተዉኝ» ማለት ነው።

ምን እንዳናደደኝ አላውቅም ላልሽው፣ ብዙዎቻችን ስሜታችንን ቶሎ አንለየውም። ረሃብና ጥማት እንኳ ዘግይቶ የሚሰማን አለን። ስለዚህ ሰውነትሽን ጠይቂው። ምሳ በልቻለሁ? ውሃስ? ጥርሴን ነክሻለሁ? ትከሻዬ ተወጥሯል? እኔ ጥርሴን መንከሴን ካወቅኩ ወሬ መሀል ቢሆንም ተነስቼ እወጣለሁ።

ነርስ ነኝ (ኮምቦልቻ)

መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትወስጂው? ቶሎ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ የሚቆየው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሲለቅ አንዳንዱን ሰው ያነጫንጨዋል። የምግብ ፍላጎትም ስለሚዘጋ ምሳ ሳይበሉ መዋል አለ። የወሰድሽበትን፣ የበላሽበትንና የተናደድሽበትን ሰዓት ጽፈሽ ለሐኪምሽ አሳዪ። መጠኑን በራስሽ እንዳትቀይሪ፣ እንዳታቋርጪም።

አደራ፣ ጫት ከዚህ መድኃኒት ጋር አይሆንም። ሁለቱም አነቃቂ ናቸው፤ ልብና ደም ግፊት ላይ ይደራረባሉ። ማታ እስከ በረካ የሚጠጣ ቡናም እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በትንሽ ነገር ይገነፍላል። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ መልስ አትጠብቂ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሸዋበር

ሰው ሁሉ ይናደዳል እኮ። ደግሞ ሁለቱም ባንድ ሰው ላይ? አልሰማሁም።

ነርስ ነኝ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ አለመስማትህ አይገርምም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለቱን ለአንድ ሰው ባንድ ላይ መመርመር አይፈቅድም ነበር። ዛሬ አብረው በብዛት እንደሚገኙ ይታወቃል። ሳይታወቅላቸው ያደጉ አዋቂዎች የበዙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የልጅ እናት

ልጄ፣ እኔ በእናትሽ ቦታ ያለሁ ነኝ። ልጄን ሲብስበት ዱዓ አስደርግለት ነበር፤ ዱዓውን አሁንም አልተውኩም። የተውኩት በዚያ ሰዓት መምከርን ነው። ምንም አይገባውም። መብራቱን አጠፋለሁ፣ ሰው አስወጣለሁ፣ ውሃ አጠገቡ አስቀምጬ እሄዳለሁ። ወሬው ለጠዋት ነው። ለእናትሽም በተረጋጋሽበት ቀን ቁጭ ብለሽ ንገሪያት። ጩኸቱ እሷን መጥላት እንዳይመስላት።

የሐረጎ መንገደኛ

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የምወስደው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ምሳ ብዙ ጊዜ እረሳለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ፕሮግራም ካወጣሁ ሳምንት ሳይሞላ ይሰለቸኛል። ሲፈርስ ደግሞ ያናድደኛል።

ጦሳ ሥር

ይሄ የሁለቱ ግጭት ነው። ኦቲዝሙ ሁሌ አንድ ዓይነት ይፈልጋል፣ ኤዲኤችዲው ይሰለቻል። ሰዓቱን አጽኚ፣ ውስጡን ቀያይሪ። ከሥራ በኋላ ያለችውን ግማሽ ሰዓት ማንም አይንካት፤ ዛሬ የእግር ጉዞ፣ ነገ መንዙማ በማዳመጫ፣ ሌላ ቀን ጋደም ማለት። ለምሳውም ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪ። ሐሙስ ካመለጠሽ ዓርብ ቀጥዪ፤ እንደገና ከሰኞ ልጀምር አትበዪ።