ጎረቤቴን ወደ ሽምግልና ልጥራው ወይስ በቀጥታ ልክሰሰው?

ታችኛው ፎቅ
ሰላም ለሁላችሁ። ከኔ በላይ ያለው ጎረቤቴ ማታ ማታ መሰርሰሪያና መጋዝ ያስነሳል። በጨዋነት ነገርኩት፣ «እሺ» አለ፣ ለጥቂት ቀን ዝም አለና ያው ሆነ። አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታም የለንም። በአካባቢያችን በጎ ፈቃደኞች የሚሰጡት የሽምግልና አገልግሎት አለ፣ በነፃ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ምን ሥልጣን አላቸው? አልመጣም ቢልስ? ደግሞ እዚያ የተናገርኩት ነገር ነገ ፍርድ ቤት ድረስ ቢከተለኝስ? የምታውቁ እስቲ በግልጽ ንገሩኝ።

ገለልተኛ
እኔ ራሴ በጎ ፈቃደኛ አሸማጋይ ነኝ፣ ሥልጣን የሚባል ነገር የለኝም። «ጥፋቱ የሱ ነው» ብሎ የሚፈርድልህ ከፈለግክ ዳኛ ጋ ነው የምትሄደው። አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በአብዛኛው ግን መጀመሪያ ሁለት አሸማጋዮች አንተን ለብቻህ ያዳምጡሃል፣ ከዚያ ለሱ ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ እሺ ካለ እሱንም ለብቻው ያገኙታል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጡት ሁለታችሁም ስትፈቅዱ ብቻ ነው። እዚያ እያንዳንዳችሁ ሳትቋረጡ ትናገራላችሁ። ቀላል ይመስላል አይደል? የሚያቋርጠው ያጣ ሰው መጀመሪያ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ድምፁ ይወርዳል፣ ዋናው ነገር የሚወጣው ያኔ ነው። በጫጫታ የተጀመረው ጉዳይ መሀል ላይ «ሰላም ስልህ ዘጋኸኝ» ሆኖ ቁጭ ይላል።

ስምምነቱን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። «ድምፅ ይቀንሳል» ብቻ ከተባለ ብዙ አይቆይም። «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መሰርሰሪያ አይነሳም፣ የግድ ከሆነ ቀድሞ በስልክ ያሳውቃል፣ ታች ያለውም ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ ያቆማል» ሲባል ግን ማን ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። አዎ፣ አንተም የምትተወው ነገር አይጠፋም።

ፋይል ያዡ
ስለ ፍርድ ቤቱ ልጨምር። መርሁ ምስጢር መጠበቅ ነው፣ ነገር ግን ገደብ አለው፤ ሕፃን ላይ ጉዳት እየደረሰ ከሆነ ወይም ሰው ሊጎዳ እንደሆነ ከተነገረ አሸማጋዩ ዝም አይልም። ሕጉ በየአገሩ ስለሚለያይ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት የምትፈርሙት ወረቀት ካለ መስመር በመስመር አንብበው። የምትስማሙበት ወረቀትም በብዙ ቦታ የቃል ኪዳን ያህል እንጂ የፍርድ ያህል ጉልበት የለውም።

ነገሩን ግን እንደ ጨዋታ አትየው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች የጎረቤት ጠብ ማብረድ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ስሪላንካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ሕግ መሠረት አንዳንድ ክርክሮች መጀመሪያ የሽምግልና ቦርዱን ማየት አለባቸው፣ «አልተስማሙም» የሚል ወረቀት ሳትይዝ ፍርድ ቤት አይቀበልህም።

ዝም አልልም
ሁሉም «ተስማማ» እያለ እየመከረ ስለሆነ እኔ ልበጥብጥ። ጎረቤትህ ይዝትብሃል? በር ላይ ጠብቆ ያስፈራራሃል? እንደዚያ ከሆነ ሽምግልናው ይቅርብህ፣ ፖሊስ ጋ ሂድ። የምትፈራው ሰው ፊት ተቀምጠህ «ተስማምቻለሁ» ብትል ፍርሃትህን ነው የፈረምከው። ደህና አገልግሎት ይህንን ገና ለብቻህ ሲያናግርህ ይጠይቅሃል፣ ካልጠየቀህ ጥለህ ውጣ። አሸማጋዮቹ ሥልጠና መውሰዳቸውንና አንዳቸውም ከጎረቤትህ ጋር አለመቀራረባቸውንም ጠይቅ፣ አትፈር። ደግ ሰው መሆን ብቻውን አሸማጋይ አያደርግም።

ታችኛው ፎቅ
ኧረ አይዝትም፣ ማኩረፍ ብቻ ነው። ስለ መጥረጊያው እንጨት ግን ማን ነገረህ @ገለልተኛ? 😄 ነገ እደውላለሁ። እምቢ ቢል የሚለውን ግን አልመለሳችሁልኝም።

ገለልተኛ
ሁሉም ታች ያለ ሰው እንጨት አለው ወንድሜ። እምቢ ካለ የሚያስገድደው የለም፣ ብዙ ሰውም መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ደብዳቤውን እንደ ክስ ስለሚያየው። አንተ ደጋግመህ አትጎትጉተው፣ ለነሱ ተውላቸው። ጭራሽ ካልመጣም አንዳንዶቹ ላንተ ብቻ ጊዜ ይሰጡሃል፤ ምን እንደምትለው፣ መቼ እንደምትለው፣ ምኑን ብትተወው እንደሚሻል አብረውህ ያስባሉ። ክሱ የትም አይሄድም፣ ቀነ ገደብ ካለው ብቻ ቀኑን ቀድመህ አጣራ።