የትራንስ ፋት ገደብ ኢ471ን ይንካ ወይስ ይለፈው?

ጥያቄው፦ የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ከ100 ግራም ስብ ውስጥ የፋብሪካ ትራንስ ፋት (ዘይት በከፊል በሃይድሮጅን ሲጠነክር የሚፈጠር፣ ልብን የሚጎዳ ስብ) ከ2 ግራም እንዳይበልጥ እንዲገድቡ፣ ወይም በከፊል ሃይድሮጅን የገባበትን (በከፊል የጠነከረ) ዘይት እንዲያግዱ ይመክራል። ገደቡ ዳቦና ኬክ ውስጥ የሚጨመረውን ኢ471 (ውሃና ስብን የሚያዋህድ ጭማሪ፣ ኢሙልሲፋየር) ይመልከት?

ሰይድ፣ ደሴ፦ ይመልከት እንጂ! ኢ471 ከስብና ከግሊሰሪን ነው የሚሠራው። ካርቶኑ ላይ ግን «ኢሙልሲፋየር» ስለሚባል ከስብ ሂሳብ ያመልጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 በከፊል የጠነከረ ዘይትን ስትከለክል፣ ዘይቱ ለሌላ ጭማሪ ጥሬ ዕቃ ሲሆን ውሳኔው አይመለከተውም ብላለች። ቀዳዳው ይኸው ነው።

ፋጡማ፣ ኮምቦልቻ፦ ሰይድ ወንድሜ፣ መጠኑን እይ እስቲ። ለአንድ ኩንታል የዳቦ ዱቄት የሚገባው ከ300 እስከ 500 ግራም ነው። ኬክ ላይ ግን ለ1 ኪሎ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ማርጋሪን ይገባል። ቁጥጥሩ እዚያ ይበርታ።

ሰይድ፦ እህቴ፣ የሚለካው ከስቡ እንጂ ከዳቦው አይደለም። ኩንታሉ ዱቄት ራሱ 1.5 ኪሎ ገደማ ስብ አለው፤ ግማሽ ኪሎ ኢ471 ሲጨመር 2 ኪሎ። ከጭማሪው 20 በመቶው ትራንስ ቢሆን 100 ግራም ነው፣ ከስቡ 5 በመቶ። ማርጋሪን ያልነካው ዳቦ ገደቡን አለፈ!

ፋጡማ፦ ስሌቱ ልክ ነው። በ100 ግራም ዳቦ ግን 0.1 ግራም እንኳ አይሞላም። ለዚህ ጋጋሪው ይቀጣ? የተገዛው ከረጢት ውስጥ ያለውን በምን ያውቃል?

ወርቁ፣ ወልዲያ፦ ልጆች፣ ዳቦ ቤት ድረስ ምን አወረዳችሁ? አስመጪው ዘንድ ይያዝ። የአዮዲን ቁጥር ይጠየቅ፤ ስቡ ምን ያህል ሳይጠነክር እንደቀረ የሚያሳይ ልኬት ነው። ሙሉ በሙሉ የጠነከረ ስብ ትራንስ የለውም ማለት ይቻላል፤ አሜሪካም «በከፊል» የምትለው ይህ ቁጥሩ ከ4 በላይ የሆነውን ነው። ምርመራው በቡሬት (ፈሳሽ በጠብታ በሚለካ የመስታወት ቱቦ) የሚሠራ ነው፣ ውድ መሣሪያ አይፈልግም።

ፋጡማ፦ ጋሽ ወርቁ፣ ይጠንቀቁ። ሃይድሮጅን ካልገባበት የፓልም ዘይት የተሠራው ኢ471 የአዮዲን ቁጥሩ 40 ሊደርስ ይችላል፣ ያለ ትራንስ። በእርስዎ መስመር ንጹሑም ሊታገድ ነው።

ወርቁ፦ አይታገድም። ከ4 ያልበለጠው ወዲያው ይለፍ፣ የቀረው የስብ ዓይነቶችን ለይቶ በሚለካው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይመርመር። ወጪውን አስመጪው ይቻል።

ሰይድ፦ በዚህ እስማማለሁ። የኬክ ጄል (ኢ471 ያለበት ለስላሳ የኬክ ጭማሪ) ናሙና ግን እንዳለ አይለካ። ውሃና ስኳር ስላለበት የአዮዲን ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ መጥፎው ሳይታወቅ ያልፋል። መጀመሪያ ስቡ ተለይቶ ይውጣ፤ መመሪያው ላይም ይኼው ይጻፍ።