ማሽኑን ነው የምንከለክለው ወይስ አካፋውን?

አሮጌ ብረት፦
ሜታል ዲቴክተር፣ መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸውን ማሽን፣ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ "እናንተ ማሽን ይዛችሁ የምትዞሩ ሁላችሁም የመቃብር ሌቦች ናችሁ፣ ለግለሰብ በሕግ መከልከል አለበት" አለኝ። ተናደድኩ። ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለ እዚህ አመጣሁት። ማንም ሰው ማሽን ገዝቶ አሮጌ ዕቃ መፈለግ ይፈቀድለት? ያገኘውን፣ ዝገት የበላውንና የተሰበረውን ዕቃስ ራሱ ቢያፀዳውና ቢጠግነው? የኔ አቋም ለሁለቱም አዎ ነው። ባለመሬቱ ከፈቀደ ምን ችግር አለው? የተቀበረው ብረት እኮ እኛን እየጠበቀ አይደለም። ማረሻ ይሰብረዋል፣ ማዳበሪያ ይበላዋል። እኛ ካላወጣነው ማንም አያወጣውም። በሉ ሳትሰዳደቡ ተሟገቱ።

የአፈር ልጅ፦
ግማሹን እቀበልሃለሁ። እርሻ ውስጥ ላይ ላዩን ያለ ሳንቲም ማረሻው ከቦታው ካፈናቀለው ቆይቷል። እሱን ብታነሳ፣ ቦታውን እስከመዘገብክ ድረስ፣ አላለቅስም። እኔን የሚያንገበግበኝ ማረሻ ከሚደርስበት በታች ስትወርዱ ነው። ቁፋሮ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። አንድ ጠዋት ቦታው ስንደርስ ሌሊት የገቡ ሰዎች በየቦታው ጉድጓድ ትተውልናል፣ እያንዳንዱ የሳህን ስፋት ያህል። ምን እንደወሰዱ አናውቅም፣ ምናልባት ምስማር ይሆናል። አንዱ ጉድጓድ ግን የወረደው የጥንት ምድጃ ወለል መሃል ላይ ነው። ከሰሉ፣ ሸክላው፣ አመዱ፣ የላይኛው አፈር፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቦክቷል። የምድጃውን ዕድሜ ልናስለካ ያሰብነው በዚያ ከሰል ነበር። አለቀ፣ ማንም መልሶ አያስተካክለውም።

ሽቦ ብሩሽ፦
እነሱ ሌቦች ናቸው እህቴ፣ እኛን ምን አገናኘን? ቢላዋ ሰው ገደለ ተብሎ ቢላዋ ይታገዳል?

ልብ አድርጉ፦
የቢላዋው ነገር ሁሌ ይመጣል 😄። በሁለት ታሪክ ላስረዳ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

በ1992 እንግሊዝ ውስጥ ሆክስን የሚባል መንደር፣ ኤሪክ ሎውስ የሚባል ሰው ማሽኑን ይዞ ወጣ። ቅርስ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ፣ ገበሬ ወዳጁ መዶሻ ጠፍቶበት እሱን ሊፈልግለት ነው። ማሽኑ ጮኸ። ሲቆፍር የሮማ ዘመን ወርቅና ብር። የተወሰነ ካወጣ በኋላ ግን ቆመና ለሚመለከታቸው ተነገረ። ባለሙያዎች በማግስቱ መጥተው የቀረውን በሥርዓት አወጡት። በዚህ ምክንያት ዕቃው በሣጥን ተደርጎ እንደተቀበረና ውስጡ እንዴት እንደተደረደረ ታወቀ፣ የበሰበሰው ሣጥን ርዝራዥ ሳይቀር ተገኘ። ሳንቲሙ ብቻ 15 ሺህ ገደማ ነው። የተከፈለው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ሎውስ ከገበሬው ጋር ተካፈለው። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል።

አሁን ወደ ጀርመን። በ1999 ኔብራ አጠገብ ሁለት ሰዎች ያለ ፈቃድ አንድ የነሐስ ሰሌዳ ቆፍረው አወጡ። ክብ ነው፣ ስፋቱ ወደ 30 ሴንቲሜትር፣ ጨረቃና ከዋክብት በወርቅ ተለጥፈውበታል፣ ከተቀበረ 3,600 ዓመት ገደማ ሆኖታል። መቆፈሪያቸው ጠርዙን ጎዳው፣ ከወርቁም ላጠው። በማግስቱ ሸጡት። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ2002 ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በፖሊስ ወጥመድ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በእርግጥ ከየት እንደወጣ ለማረጋገጥ ላዩ ላይ የቀረውን አፈር ከጉድጓዱ አፈር ጋር እስከ ማመሳሰል ተደረሰ። ሁለቱም ጋ የጮኸው ያው ማሽን ነው።

አሮጌ ብረት፦
ይኸው! ሆክስን ለኔ መሰከረልኝ።

የአፈር ልጅ፦
ቆይ፣ አትቸኩል። ስንቱ ነው እንደ ሎውስ የሚያቆመው? አንተ ራስህ ከጉድጓዱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር ብታይ አካፋህን አስቀምጠህ ስልክ ትደውላለህ? እውነቱን ንገረኝ።

አሮጌ ብረት፦
እሺ፣ አንዴ አላቆምኩም። ሦስት የነሐስ አምባር፣ በአንድ ጉድጓድ፣ ተደራርበው። መሽቷል፣ ዝናብ ጀምሯል፣ ነገ ሌላ ሰው ይወስድብኛል ብዬ ሁሉንም ጎትቼ አወጣሁ። ከስር የነበረው ለሁለት ተሰበረ። ዙሪያው ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ ነገር ነበር፣ ኖራ ነው ብዬ አራገፍኩት። ምን እንደነበረ ዛሬ ላይ እጠረጥራለሁ። አጥንት ይመስለኛል።

የአፈር ልጅ፦
ከክንድ ላይ ሳይወልቅ የተቀበረ አምባር ነው እንግዲህ። ሰው ነበር እዚያ ውስጥ።

ሽቦ ብሩሽ፦
ኧረ ተዪው፣ አምኖ የተናገረ ሰው ላይ እንዲህ አትክበጂ።

ጥያቄ አለኝ፦
ይቅርታ አዲስ ነኝ። በባለመሬቱ ፈቃድ ሁለት ነገር አግኝቻለሁ። አንዱ የዛገ የብረት ጓል ነው፣ ረዘም ያለ፣ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ሌላው አረንጓዴ የሆነ ሳንቲም ሲሆን ካገኘሁት በኋላ ላዩ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ጀምሮታል። ቪዲዮ ላይ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፉት ይላሉ። ላድርገው?

የአፈር ልጅ፦
አታድርጊው!!

ሽቦ ብሩሽ፦
ኮምጣጤውን እኔም አልደግፍም። አንድ የመዳብ ሳንቲም ሌሊቱን ዘፍዝፌ አደርኩ፣ ጠዋት ሳወጣው ሮዝ ሆኗል፣ የንጉሡ ፊት የለም፣ የልብስ ቁልፍ ነው የሚመስለው። ለብረቱ ግን ኤሌክትሮሊሲስ የመሰለ የለም። ውሃ፣ ሶዳ፣ ባትሪ ቻርጀር። ኔጌቲቩን ዕቃው ላይ፣ ፖዘቲቩን ሌላ ብረት ላይ ታስሪዋለሽ፣ አረፋ እያወጣ ዝገቱ ቅርፊት ቅርፊቱን ይወርዳል። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ማፋቅ ነው። አሁን ራሱ አንድ የጦር ጫፍ በረንዳ ላይ ሰክቼ ነው የምጽፍላችሁ።

የአፈር ልጅ፦
እኔ ማሽኑን አይደለም የምፈራው፣ ይህን ባልዲ ነው። ረጅም ዘመን አፈር ውስጥ የቆየ ብረት ብዙ ጊዜ ውስጡ ብረት አልቋል። ዕቃው በመጀመሪያ የነበረው ገጽ የሚገኘው ዝገቱ መሃል ነው፣ እንደ ቅርፊት ሆኖ። ያን ቅርፊት ስታወርደው የጦሩን ስለት አብረህ ታወርደዋለህ፣ የሚቀርህ የተበላ መሃሉ ነው። የእንጨት እጀታው ወይም የተጠቀለለበት ጨርቅ አሻራም ዝገቱ ላይ ታትሞ ይቀራል፣ እሱም ባልዲው ውስጥ ዝቃጭ ይሆናል። ባለሙያ መጀመሪያ በኤክስሬይ ያየዋል፣ ጓል የመሰለው ነገር የብር ጌጥ የገባበት የቀበቶ ዘለበት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ስር በቀጭን ቢላ፣ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ነው የሚገፈፈው። ኤሌክትሮሊሲስ ጠንካራ የብረት እምብርት ላለው ዕቃ፣ ከባሕር ለወጣ መድፍ ለመሳሰለው፣ ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። ለጦር ጫፍህ ግን አይሆንም።

እህቴ ለአንቺ፦ ሳንቲምሽ ላይ የምታዪው ዱቄት የነሐስ በሽታ የሚሉት ይመስላል። ከአፈሩ የገባ ክሎራይድ የሚባል ጨው ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ መዳቡን ይበላዋል፣ እርጥበት እስካለ አያቆምም። ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ከሚመጠው ፍሬ) ጋር በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ አድርጊው፣ ከሌሎቹ ለይተሽ። ብረቱንም እንዲሁ፣ ለብቻው። ብርቱካናማ ጠብታ ማላብ ከጀመረ ያው ጨው ነው፣ ቶሎ ለባለሙያ አድርሺው። ያገኘሽበትን ቦታና ጥልቀቱን ዛሬ ጻፊ፣ ነገ ትረሺዋለሽ።

ሽቦ ብሩሽ፦
"ለባለሙያ አድርሺ" ማለት ቀላል ነው። እኔ አንዴ አንድ ሙዚየም ወስጄ ነበር። ተቀበሉኝ፣ ፈርሜ ሰጠሁ። ከዓመት በኋላ ልጠይቅ ብሄድ ያው ያስረከብኩበት ከረጢት ውስጥ ነው፣ ከረጢቱ በውስጡ ጤዛ ይዞ። ጓዳ ውስጥ በስብሶ ከሚቀር እኔ ጋ ቢያብረቀርቅ አይሻልም?

የአፈር ልጅ፦
እዚህ ላይ መልስ የለኝም። ያሳፍራል እንጂ ምን ይባላል።

ልብ አድርጉ፦
ማብረቅረቅ ካልክ የክሮስቢ ጋሬትን የራስ ቁር ላንሳ። በ2010 እንግሊዝ ውስጥ በማሽን ተገኘ፣ የሮማ ፈረሰኞች ዓይነት፣ የሰው ፊት ያለው፣ ከ60 በላይ ስብርባሪ ሆኖ። ጨረታ አቅራቢው አስጠገነው፣ ስንጥቁና ቀዳዳው በሬዚን (ሙጫ መሰል ነገር) ተሞልቶ ቀለም ተቀባ፣ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ፎቶውን ብታዩት ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ተመራማሪዎች ስብርባሪውን እንደ ልብ ሳያጠኑት ነው የተገጣጠመው። ሕጉም አልያዘውም፣ ምክንያቱም የ1996ቱ የእንግሊዝ የተቀበረ ሀብት ሕግ በዋናነት የሚያተኩረው ወርቅና ብር ላይ ነበር፣ ይህ ደግሞ የመዳብ ቅይጥ ነው። በ2023 ነው ልዩ ትርጉም ያላቸው ሌሎች የብረታ ብረት ዕቃዎችም እንዲካተቱ የተደረገው።

ለዋናው ጥያቄ ደግሞ፦ አየርላንድ ከ1987 ጀምሮ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ በማሽን ቅርስ መፈለግን ከልክላለች። እንግሊዝ ፈቅዳ፣ በሕጉ ሥር የሚወድቀውን በ14 ቀን አሳውቅ ትላለች፣ በፈቃደኝነት የተመዘገበው ዕቃ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ግን ተቀባዩ ጤዛ የያዘ ከረጢት ከሆነ አይሠራም።

አሮጌ ብረት፦
እንግዲህ ማሽኑ ላይ አቋሜ አልተቀየረም፣ አይከልከል። ማረሻ ከሚደርስበት በታች ግን አልወርድም። መጠገኑንም ትቼዋለሁ። አምባሮቹ አሁንም እኔ ጋ ናቸው፣ የተሰበረውን በሱፐር ግሉ አጣብቄዋለሁ፣ እንዳትጮኺብኝ።

የአፈር ልጅ፦
አልጮህም። በራስህ አትንቀለው ብቻ። ጉድጓዱ የት እንደሆነ ታስታውሳለህ?

አሮጌ ብረት፦
አስታውሳለሁ። በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።

ሽቦ ብሩሽ፦
ቻርጀሩን ነቅዬዋለሁ። አሁን ምን ላድርገው?

የአፈር ልጅ፦
ከሶዳው ውሃ እንዳታወጣው! አየር ሲያገኘው ወዲያው ይዝጋል። እዚያው ተወው፣ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ ብሩሹን ደግሞ አርቀህ አስቀምጠው።