ጨጓራቸው በሙሉ ሊወጣ ቀጠሮ ለተያዘላቸው አባቴ፦ ከዚያ በኋላ እንዴት ይበላሉ?

ጥያቄ፦ የአዳማ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ስለ አባቴ ነው። ዕድሜያቸው 61 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት «ይህቺ ጨጓራዬ ናት» እያሉ ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል እየገዙ ሲውጡ ኖረዋል። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ልብሳቸው እየሰፋቸው፣ ሰገራቸውም እንደ ሬንጅ እየጠቆረ ሲሄድ በግድ ወስደናቸው በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ታዩ፤ ከተወሰደው ናሙናም የጨጓራ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ ስላልተሠራጨ፣ ሐኪሞቹ በመጀመሪያ አራት ዙር ኬሞ፣ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም እንደገና አራት ዙር ኬሞ እንዲወስዱ ወስነዋል። ፍሎት የሚባለውን የአራት መድኃኒቶች ጥምር በየሁለት ሳምንቱ እየወሰዱ ሲሆን፣ ሦስተኛውን ዙር ጨርሰዋል።

እጢው ያለው በጨጓራው የላይኛው ክፍል ስለሆነ ጨጓራው ሙሉ በሙሉ እንደሚወጣ ተነግሮናል። አባቴ ይህንን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ታዲያ የምበላው የት ያርፋል?» አሉ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳያቸው፤ እሳቸው ግን ሥዕሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተው እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገሩም። እናቴ ደግሞ የበሽታው ስም በቤት ውስጥ እንዳይነሳ ስለከለከለች ለዘመድ ሁሉ «ቁስለት ነው» እያልን ነው፤ አባቴም የሚያውቁትን ያህል ይወቁ እንጂ ስሙን በግልጽ የነገራቸው የለም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ውኃ ሲጠጡ ጉሮሯቸውን እንደ መርፌ እንደሚወጋቸው፣ ጣታቸውም እንደሚነዝራቸው ይናገራሉ። የነቢያት ጾምም እየደረሰ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጾሙ የቀሩበትን ዓመት አላስታውስም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ሕመምተኛ ያስታመማችሁ ካላችሁ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ኑሮ ምን እንደሚመስል ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ጨጓራ የለሹ

ልጄ፣ የእኔ ጨጓራ በሙሉ ከወጣ አምስት ዓመት አልፎታል። ምግቡ የት ያርፋል ላሉት፣ የትም አያርፍም። ቀዶ ሐኪሙ ጨጓራውን ካወጣ በኋላ ቀጭኑን አንጀት ወደ ላይ ስቦ ከምግብ ቧንቧው ጫፍ ጋር ይሰፋዋል፤ የተዋጠው ሁሉ በቀጥታ አንጀት ውስጥ ይገባል። ምግብ ወደ ደም የሚገባው ድሮም ቢሆን በአንጀት በኩል ስለሆነ ሰው ያለ ጨጓራ ይኖራል፤ የሚጠፋው እህሉን ተቀብሎ እያሸ ጥቂት በጥቂት የሚለቀው ጎተራ ነው። ጎተራ የሌለው ቤት በየዕለቱ እየሸመተ ይኖራል እንጂ የወር አስቤዛ አያስገባም። እኔም በቀን ሰባት ጊዜ እበላለሁ፤ አንዱም ጊዜ ከቡና ሲኒ ማስቀመጫ ሰሐን አይበልጥም።

የመጀመሪያው ሳምንት በአፍ ምንም ሳይገባ አለፈ፤ ስፌቱ አለማፍሰሱ ከታየ በኋላ የተሰጠኝ ሦስት የሻይ ማንኪያ ውኃ ነበር። ቀጥሎ አጥሚት፣ ቀጥሎ የተፈጨ ሽሮ በማንኪያ፣ ከሁለት ወር በኋላ እንጀራ። የመጀመሪያዋን የመዳፍ ስፋት ያህል እንጀራ በልቼ ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ እያንዳንዷን ጉርሻ አፌ ውስጥ እንደ ወጥ እስክትቀጥን ድረስ ማላመጥ ነበረብኝ። እርሾው የወጣለት ለስላሳ እንጀራ ከትኩስ ዳቦ እጅግ ይሻላል፤ ትኩስ ዳቦ ሊጥ ሆኖ ደረት ላይ ይቀራል፣ ጅማት ያለበት ሥጋም እንዲሁ።

ምግብ ሳይመጠን ፈጥኖ አንጀት ውስጥ ሲወርድ ስለሚመጣው ሕመም፣ ዳምፒንግ ስለሚሉት፣ ሳላስጠነቅቅሽ አላልፍም። በአንድ ሠርግ ላይ ከምግቡ ጋር አንድ ብርሌ ብርዝ ጠጣሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፣ ላቤ ሸሚዜን አራሰው፣ ሆዴ ተጠማዘዘ፤ ከአዳራሹ ጀርባ ወንበር አጋጥመው አስተኙኝ። ጣፋጭ ነገር ሳይመጠን አንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ሲወርድ ከሰውነት ውኃ ስቦ ስለሚያመጣ ነው። ሌላም ዓይነት አለ፤ ስኳር ከበዛበት ምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ የደም ስኳር በድንገት ይወርድና እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይጨልማል። ለዚያኛው ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። ከምግብ ጋር አለመጠጣት፣ ውኃውን ከምግቡ በፊት ወይም በኋላ ግማሽ ሰዓት ማራቅ፣ ጣፋጩን መቀነስ፣ በየምግቡ እንቁላል ወይም ጥራጥሬ መጨመር እኔን አስተካክሎኛል። ማታ ጋደም ስል ሐሞት ወደ ጉሮሮዬ እየወጣ ያቃጥለኝ ስለነበር በአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር ጡብ አድርጌያለሁ።

ክብደቴ ከ78 ኪሎ ወደ 61 ወርዶ እዚያው ቆመ። ቀበቶዬን በምስማር ስበሳ ከርሜ በአራተኛው ቀዳዳ ተውኩት። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን የዘመድ «በሞቴ» ነው፤ ጉርሻዋን ስላልተቀበልኩ ያለቀሰች አክስት አለችኝ። እናትሽን አደራ፣ በግድ አታጉርሳቸው። የቢ 12 መርፌውን በተመለከተ እኔ ድካም ሲሰማኝ እየሄድኩ እወጋለሁ።

መልስ፦ የካንሰር ክፍል ነርስ

ከላይ የተጻፈው በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ስለ ቢ 12 የተባለውን ግን ማረም አለብኝ። ይህን ቫይታሚን አንጀት እንዲቀበለው የሚያደርገውን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው ጨጓራ ስለሆነ፣ ጨጓራው በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምትክ ያስፈልገዋል። ጉበት ለጥቂት ዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው ጉድለቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ድካም እስኪሰማ የጠበቀ ሰው የደም ማነስ ብቻ ሳይሆን የነርቭ ጉዳትም ሊደርስበት ይችላል፤ እርስዎም፣ ወንድሜ፣ መርፌውን በቋሚ ቀጠሮ ያድርጉት። ጨጓራ አሲድ ስለማይኖር ብረትም በበቂ ሁኔታ አይገባም፤ ስለዚህ በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

ወደ ጠያቂዋ ስመለስ፣ የአባትዎ የጉሮሮና የጣት ስሜት በጥምሩ ውስጥ ያለው ኦክሳሊፕላቲን የሚያመጣው ነው። ቀዝቃዛ ነገር ይቀሰቅሰዋል። ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ቀናት ውኃውን ለብ አድርገው ይስጧቸው፤ ጠዋት ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውኃ አይታጠቡ፤ ብርዱ ሲበረታ እጃቸውንና አፋቸውን ይሸፍኑ። ጉሮሮ የሚዘጋ ቢመስላቸውም ስሜቱ ያልፋል። ከዙር ዙር የማይጠፋ መደንዘዝ ካለ፣ ለምሳሌ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ካቃታቸው፣ ቀጣዩ ዙር ከመሰጠቱ በፊት ለሐኪሙ መነገር አለበት፤ መጠኑ ካልተቀነሰ ወይም ካልተቋረጠ መደንዘዙ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ከሁሉ የማሳስብዎ ትኩሳትን ነው። ከኬሞው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። ቴርሞሜትር ገዝተው ቤት ያስቀምጡ፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ሌሊትም ቢሆን ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማሳደር ሳይሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። አንድ ታማሚ «ጠዋት እንሄዳለን» ተብሎ አድሮ ሲመጣ ደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ስቶ ነበር። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት በዚህ ጊዜ አይሰጥም። ሰው የሚያመጣላችሁን ሽፈራውም ሆነ ሌላ ቅጠል የሚከታተላቸው ሐኪም ሳያውቀው እንዳይወስዱ እለምናለሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት አራት ዙሮች ከመጀመሪያዎቹ ይከብዳሉ። በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውጤቱ የታተመው የጀርመን ጥናት 716 ሕመምተኞችን ያካተተ ሲሆን፣ ፍሎት ከተመደበላቸው ግማሾቹ 50 ወርና ከዚያ በላይ፣ ቀድሞ የነበረው ጥምር ከተመደበላቸው ግማሾቹ ደግሞ 35 ወርና ከዚያ በላይ ኖረዋል። ሆኖም ፍሎት ከተመደበላቸው ውስጥ ስምንቱንም ዙር የጨረሱት ከግማሽ በታች ናቸው። ስለዚህ አባትዎ ሁለተኛውን ምዕራፍ መጨረስ ቢያቅታቸው ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ለቀዶ ሕክምናው ጥንካሬ እንዲኖራቸው ግን አሁን ባሉት ሳምንታት በደንብ መብላት አለባቸው።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

እህቴ፣ ባለቤቴ እዚህ አሜሪካ የታከመው በጥር ወር ስለነበር የመኪና መሪ እንኳ ያለ ጓንት መንካት አይችልም ነበር፤ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት የሚያደርገው ጓንት ዛሬም ከበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አለ። አንቺን ግን ስለ ሁለት ሌሎች ነገሮች ልንገርሽ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ባለቤቴ ልክ እንደ አባትሽ እምቢ ብሎ ነበር። እኔ ከምጨቃጨቀው ብዬ የንስሐ አባታችንን ቤት ጠራኋቸው፤ እሳቸውም በየሁለት ሰዓቱ የሚበላውን ሁሉ በዝርዝር ከጠየቁት በኋላ «ለአንተ መድኃኒትህ ምግብህ ነው፤ ወተቱንም እንቁላሉንም ብላ» ብለው ፈቀዱለት። ከእኔ ቃል የእሳቸው ቃል ከብዶ ተገኘ። አባትሽም ከእናንተ ይልቅ ካህኑ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ስለ መደበቁ ነው። የእናትሽ ፍርሃት ይገባኛል፤ እኛም ለአማቴ ለአንድ ዓመት አልነገርናቸውም። ነገር ግን ይህ በሽታ ሕመምተኛው ተኝቶ ሌላው የሚያስታምመው ዓይነት አይደለም። አላምጦ የሚውጠው፣ ሰዓቱን የሚጠብቀው፣ በእንግዳ ፊት «በቃኝ» የሚለው እሳቸው ናቸው። ምን እንደያዛቸው በግልጽ ያልተነገራቸው ሰው ይህን ሁሉ ድካም ለምን ብለው ይሸከሙታል? ሥዕሉን አጥፈው ኪሳቸው የከተቱት አንድ ነገር ስለገባቸው ይመስለኛል።

ጠያቂዋ፦ የአዳማ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት እናቴ በተገኘችበት ምላሾቻችሁን በሙሉ ለአባቴ አነበብኩላቸው፤ የበሽታው ስም ሲደርስ ድምፄ ቢቆራረጥም አልዘለልኩትም። አባቴ ሥዕሉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «እኔማ አውቄ ነበር፤ እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው» አሉ። እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ቴርሞሜትር ዛሬ ገዝተናል፤ ጣታቸውንም ከአራተኛው ዙር በፊት ለሐኪሙ እናሳያለን። አባቴ አንድ ጥያቄ ጨምሪልኝ ብለዋል፤ ቡና ይጠጣል ወይ?

መልስ፦ ጨጓራ የለሹ

ይጠጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን ይታገሡ። በእኛ ቤት አቦሉ ከምሳ ጋር ተያይዞ ይመጣ የነበረው አሁን ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እንዲፈላ ተደርጓል፤ ስኳሩ ግማሽ ማንኪያ፣ ሲኒዋም ግማሽ ናት። ቶናውን ለጎረቤት እተወዋለሁ።