«ነጠብጣብ አታሚ» ወይስ ሌላ ስም?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ የጭነት መጋዘን መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ወደ ጅቡቲ መስመር ለሚወጡ መኪናዎች የማስረከቢያ ሰነድ የምናትመው ጭርርር እያለ በሚጮኸው፣ ወረቀቱ ዳርና ዳሩ በተበሳሳው፣ «ዶት ማትሪክስ» በምንለው ማሽን ነው። ሰሞኑን የቢሮውን ንብረት ዝርዝር በአማርኛ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩና «ነጠብጣብ አታሚ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብበው «ልጄ፣ ቀለም ያንጠባጥባል ማለትሽ ነው? እንዲያ ከሆነ ይጠገን» አሉኝ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ምን ብለው ይሻላል?

ጡረተኛው መምህር፦
አለቃሽ ሲቀልዱ የቃሉን ሥር ነክተዋል። «ነጥብ» የ«ነጠበ» ልጅ ነው፤ የጠብታ ዘመድ። ኳስ ተጫዋቾች «ነጥብ ጣሉ» ሲባል ወይም ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ሲዘጋ ያ እርጥበት ደርቋል፤ ማንም ውኃ አያስብም። «ነጠብጣብ» ስትይው ግን እንደገና ይረጥባል። «ቅጂ»ም እንዲሁ ነው፤ ከ«ቀዳ» የመጣ። ውኃም ይቀዳል፣ ጠላም ይቀዳል፣ ድምፅም ጽሑፍም ይቀዳል። የጽሕፈት ቃሎቻችን ግማሾቹ እንስራ አጠገብ የተወለዱ ይመስላሉ። (ደመወዝ ሲዘገይ «ጠብ የሚል ነገር የለም» የምንለውም ከዚሁ ሰፈር ነው።) እኔ «ነቁጥ»ን እመርጣለሁ። ያው ነጥብ ማለት ነው፣ ግን ደረቅ ነው፤ አያንጠባጥብም። «የነቁጥ ማተሚያ» በይው።

የማሽን ጠጋኙ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አልስማማም። እኔ ፍራንኮ አካባቢ እነዚህን ማሽኖች ስፈታና ስገጥም ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ነጥቡ ወረቀቱ ላይ የቀረው ጠባሳ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው መርፌ ነው።

ሄዱን፣ ማለት እየተመላለሰ የሚያትመውን የማሽኑን ጭንቅላት፣ ከፍተው ቢያዩት 9 ወይም 24 ቀጫጭን የብረት መርፌዎች ተደርድረውበታል። እያንዳንዱ መርፌ የራሱ የኤሌክትሪክ ማግኔት አለው። ማግኔቱ ኃይል ሲደርሰው መርፌውን ያስፈነጥረዋል፤ መርፌው ቀለም የጠጣውን ሪባን ወረቀቱ ላይ ይወጋዋል፤ ሞላው ደግሞ ወዲያው ይመልሰዋል። ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ጥቁር ሩሎ ምቱን ይቀበላል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ስለሚሆን ነው የሚጮኸው። ሄዱ በቀበቶ እየተሳበ ሲሄድ መርፌዎቹ ፊደሉን ቀጥ ቀጥ ባሉ የነጥብ ሰልፎች እየከፈሉ ይሠሩታል። እናቴ የቀሚስ ጥልፍ ስትጠልፍ ክር ቆጥራ፣ እዚህ ወግታ፣ እዚያ ዘልላ መስቀሉን ታወጣ ነበር። «ማትሪክስ» የሚሉትም ይኸው ነው፤ በረድፍና በዓምድ ተቆጥሮ የሚወጋና የሚዘለል።

በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ታዋቂው ኤፕሰን ኤምኤክስ 80 ባለ 9 መርፌ ነበር፤ በሰከንድ 80 ፊደል ያትማል። ለላቲን ፊደል ይበቃል። በ9 መርፌ «ጯ» እና «ሿ»ን ማውጣት ግን በጭቃ እንደ መጻፍ ነው፤ በአንድ ኢንች ቁመት 72 ነጥብ ብቻ ነው የሚያርፈው። በባለ 24ቱ 180 ነጥብ ያርፋል፣ ፊደላችንም ይተነፍሳል። ለዚህ ነው ሱቄ የሚመጣ ሰው «ባለ 24» ብሎ የሚጠይቀኝ፤ ነጥብ ያነሣ ሰው አላጋጠመኝም። ጀርመኖችም «ናዴልድሩከር» ይሉታል፤ «ናዴል» መርፌ፣ «ድሩከር» አታሚ ነው። «ባለመርፌ ማተሚያ» በይው እኅቴ።

ጠያቂዋ፦
መርፌው ገብቶኛል ጋሼ። የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሰነዱ ባለ ሦስት ቅጠል ነው፤ አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ ለተረካቢው፣ አንዱ ለእኛ። ባለፈው ሦስተኛው ቅጠል ደብዝዞ ወጣና ሾፌሩ «የኩንታሉ ቁጥር አይነበብም፣ ይህን ይዤ መንገድ አልወጣም» ብሎ ግማሽ ቀን ቆመብን።

የማሽን ጠጋኙ፦
በሄዱ አጠገብ የወረቀት ውፍረት ማስተካከያ ትንሽ እጀታ አለች። ለአንድ ቅጠል ከተስተካከለች ለሦስት አትሆንም፣ ለሦስት ሆና አንድ ቅጠል ብታስገቢ ደግሞ ምቱ ይላላል። ሪባኑንም እዪው፤ እየዞረ ሲመታ ስለሚኖር በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው፤ ሰው ሳያውቅ ይለምደዋል። ሄዱን ግን ማተም እንዳቆመ በእጅሽ አትንኪው፤ ያቃጥላል። በሌዘር ቢታተም ይሻላል የሚሉሽንም አትስሚ። ሌዘር አይመታም፤ የማይመታ ማሽን ደግሞ ከላይኛው ቅጠል በታች ምንም አይደርሰውም። ካርቦን የሌለው የዘመኑ ወረቀት እንኳ ከላይኛው ቅጠል ጀርባ በዓይን የማይታዩ የቀለም እንክብሎች አሉት፤ መርፌው ሲያፈርጣቸው ነው ከታች ያለው የሚቀልመው።

ጡረተኛው መምህር፦
እጄን ሰጥቻለሁ። እንዲያውም ልጨምርበት፦ «ማተም» ራሱ ከ«ማኅተም» ጋር አንድ ሥር ነው፤ መጫን፣ መምታት ያለበት ቃል። ለዚህ ማሽን ከሌዘሩ ይልቅ የሚገባው ስም ነው። በደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» ብለን የምንጽፈውም ዛሬ ለየብቻው ታትሞ ይላካል፤ እውነተኛው ግልባጭ ግን ያ ሦስተኛ ቅጠልሽ ነው፤ በዚያው ምት፣ በዚያው ቅጽበት የተወለደ። «ቅጂ» በኋላም ሊቀዳ ይችላል። ኩንታሉን በዋናው 40፣ በግልባጩ 50 ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ይህ ማሽን ጠላቱ ነው።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ዝርዝሩን አስተካክዬ «ባለመርፌ ማተሚያ፣ ባለ 24፣ ብዛት 2» ብዬ አስገባሁ። አለቃዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና «ደግሞ ልብስ ስፌት መቼ ጀመርን?» አሉኝ።