ፀረ ካንሰር የእጽዋት መድኃኒት በፕሮቲን ናኖ ቅንጣት፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት፣ ጅማ

አስተባባሪ፦ ሰላም የማኅበራችን አባላት። ሁለተኛው ረቂቅ ደርሷችኋል። ርዕሱ ላይ ያለው «ካንሰርን የሚፈውስ» የሚለው ቃል እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። እኛ ልንሠራ የምንችለው መድኃኒቱን የሚይዝና ደግመን ስንሠራው ያው የሚወጣ ቅንጣት ነው። ሕመምተኛ ተስፋ የሚጥልበትን ቃል ያለ ማስረጃ መጻፍ ልክ አይደለም። ያልተቋጩት ጉዳዮች መድኃኒቱ፣ ፕሮቲኑና የልኬት ዘዴው ናቸው።

ከእጽዋት ኬሚስትሪ፦ «አጣጥ ይግባ» ያላችሁ አባላት ምክንያታችሁ ይገባኛል። ሜይታንሲን የተባለው ፀረ ካንሰር ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ የሆነው ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ተክል ተለይቶ ነው፤ በእኛ አካባቢ ኮምቦልቻ የሚባለውም የዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን በተክሉ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ ብቻውን በሰው ላይ ሲሞከርም ጉዳቱ ከጥቅሙ ስለበለጠ ቆሟል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የሜይታንሲን ተወላጅ የሆነው ዲኤም1 ሲሆን የጡት ካንሰር ፀረ እንግዳ አካል ከሆነው ከትራስቱዙማብ ጋር ተጣብቆ እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈቅዷል። እሱም የሚዘጋጀው ባክቴሪያ አብላልቶ ከሚያወጣው አንሳማይቶሲን ነው። እኛ ባለን ጠረጴዛ ላይ የሚነካ ነገር አይደለም። መግቢያው ላይ አንድ አንቀጽ ይኑረው፣ ሥራው ውስጥ አይግባ። ወደፊት ናሙና ከጫካ ለመሰብሰብ ብናስብ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህም ይጻፍ።

ከፋርማሲ፦ እስማማለሁ። መድረሻችን ከእጽዋት የተገኘው ፀረ ካንሰር መድኃኒት ፓክሊታክሰል ይሁን። ውኃ ውስጥ ስለማይሟሟ የሚዘጋጅበት ማሟሟያ፣ ክሬሞፎር፣ ከባድ አለርጂ ያስነሣል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው አስቀድሞ ዴክሳሜታዞንና ፀረ ሂስታሚን ይወስዳል፣ በተለመደው አሰጣጥም መድኃኒቱ 3 ሰዓት ይንጠባጠባል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈቀደው አብራክሳን የተባለው የፓክሊታክሰል ዝግጅት ግን 130 ናኖሜትር ገደማ የሆነ የአልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ቅንጣት ነው፤ ክሬሞፎር የለበትም፣ በ30 ደቂቃ ይሰጣል። አንድ ነገር ይታረም፦ ገጽ 4 ላይ «እንደ አብራክሳን እንሠራለን» ይላል። አብራክሳን በከፍተኛ ግፊት ተደባልቆ የሚሠራ ነው፤ ፕሮቲንን በሚያስተሳስረው ኬሚካል፣ በግሉታራልዲሃይድ፣ አይተሳሰርም፣ ደም ውስጥ ሲገባም ይበታተናል። የእኛ ቅንጣት የተሳሰረ ስለሆነ ጠባዩ ሌላ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ።

ከእጽዋት ኬሚስትሪ፦ ፓክሊታክሰል ውድም አደገኛም ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት በእርድ ብጫ ንጥረ ነገር፣ በኩርኩሚን፣ ይሁን። እርድ እዚሁ ጅማ ገበያ አለ፣ ኩርኩሚኑም በ425 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ በተራ ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ የሚውጠውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) ይለካል። ዱቄት አንግዛ፤ ባዕድ ነገር ሊደባለቅበት ስለሚችል ደረቁን ድፍን እርድ ገዝተን እናስፈጨው። ከእርድ የሚወጣው ሦስት ዓይነት ኩርኩሚኖይድ ስለሆነ በስፔክትሮፎቶሜትር የምናገኘውን ቁጥር «ጠቅላላ ኩርኩሚኖይድ» ብለን እንጥራው።

ከፎርሙሌሽን፦ ገጽ 6 ላይ ያለው አሠራር እንዲህ ይተካ። 100 ሚሊግራም የከብት ሴረም አልቡሚን በ2 ሚሊ ሊትር፣ 10 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ይሟሟና ፒኤቹ 8 ላይ ይስተካከል። 5 ሚሊግራም ኩርኩሚን የሟሟበት 8 ሚሊ ሊትር ኢታኖል በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር እየተንጠባጠበ፣ ማማሰያው በደቂቃ 500 ዙር እየዞረ ይግባ። ፈሳሹ ሲደፈርስ 8 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ 118 ማይክሮ ሊትር ተጨምሮ 24 ሰዓት ይማሰላል። የምንገዛው 25 በመቶውን ስለሆነ 3.2 ሚሊ ሊትር ወስዶ በውኃ 10 ማድረስ ነው። በመጨረሻ የተረፈውን አልዲሃይድ በግላይሲን ማሰር፣ ከዚያም በሴንትሪፊዩጅ ሦስት ጊዜ ማጠብ።

የሚበላሸውም እዚህ ነው። የአልቡሚን ኢሶኤሌክትሪክ ነጥብ (የተጣራ የኤሌክትሪክ ቻርጁ ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች) 4.7 ገደማ ነው፤ ፒኤቹ ወደዚያ በቀረበ መጠን ቅንጣቶቹ ይጓጉላሉ። በሌላ በኩል ኩርኩሚን ፒኤቹ ከ7 ሲያልፍ ይፈርሳል። ስለዚህ ከ8 አንለፍ፣ ዕቃውን በፎይል እንጠቅልል፣ የጠፋውንም እንለካ። ሌላው መብራት ነው። ማሰሪያው ሥራውን ሳይጨርስ ማማሰያው ከቆመ ቅንጣቱ ይዘቅጣል፣ ይጣበቃል። ማማሰያው ብዙ ኃይል ስለማይፈልግ ለእሱ ብቻ የሚሆን ዩፒኤስ በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ከምግብ ሳይንስ፦ ዜይንስ ለምን ተረሳ? የበቆሎ ፕሮቲን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ማሰሪያም አይፈልግም። 200 ሚሊግራም ዜይንና 20 ሚሊግራም ኩርኩሚን በ10 ሚሊ ሊትር 80 በመቶ ኢታኖል አሟሙቶ፣ 200 ሚሊግራም ሶዲየም ኬዚኔት (የወተት ፕሮቲን) ባለበት 30 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ እያማሰሉ ማፍሰስ ብቻ ነው። ኬዚኔቱ ከሌለ ፒኤች 6 አካባቢ ይጓጉላል።

ከፋርማሲ፦ በአፍ ለሚወሰድ ጥሩ ነው። ዜይን በደም ሥር ሲገባ የሰውነት መከላከያ ሊነሣበት ስለሚችል ለፓክሊታክሰል አልቡሚኑ ይቅደም። ዜይኑ ለተማሪዎች መለማመጃና ለማወዳደሪያ ይግባ።

ከፎርሙሌሽን፦ ከሁሉም በላይ እንድትመለከቱልኝ የምፈልገው ገጽ 8ን ነው። ረቂቁ «ላይኛው ፈሳሽ ውስጥ የቀረው ኩርኩሚን ከገባው ይቀነሳል፣ ልዩነቱ ቅንጣቱ የያዘው ነው» ይላል። ይህ ስሌት ያታልላል። ያልተያዘው ኩርኩሚን ውኃ ውስጥ ስለማይሟሟ ክሪስታል ሆኖ ከቅንጣቱ ጋር አብሮ ይዘቅጣል፤ ላይኛው ፈሳሽ ንጹሕ ይሆንና 95 በመቶ ያዝን እንላለን። ለዚህ መጀመሪያ በ1,000 ጂ (የምድር ስበት 1,000 እጥፍ) ለ5 ደቂቃ አዙሮ ክሪስታሉን መጣል፣ ከዚያ ላይኛውን በ16,000 ጂ ለ20 ደቂቃ ማዞር። የመጀመሪያው ዝቃጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብጫ መርፌዎች ካሉት ነገሩ ገሃድ ነው። የሁለተኛው ዝቃጭ ፕሮቲን በሚፈጭ ኢንዛይም (ፕሮቲዬዝ) ከተፈጨ በኋላ ኩርኩሚኑ በኢታኖል ወጥቶ በቀጥታ ይለካ። ሁለቱ ዝቃጮች፣ ላይኛው ፈሳሽና የእጥበቱ ውኃ ተደምረው ከገባው ጋር ካልተቀራረቡ ያ ዙር አይቆጠርም። ፍጥነቱ በዙር ሳይሆን በጂ ይጻፍ፤ የሴንትሪፊዩጁ ራዲየስ 8.4 ሴንቲሜትር ከሆነ 13,000 ዙር 15,900 ጂ ገደማ ነው።

የመልቀቅ ሙከራውም ያው ችግር አለበት። ቅንጣቱ በሚገባበት የዲያሊሲስ ከረጢት (ትናንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ) ዙሪያ ተራ በፈር ብቻ ከሆነ ኩርኩሚኑ የሚሟሟበት ስለሌለው አይወጣም፣ እኛም «ቀስ ብሎ ይለቃል» ብለን እንጽፋለን። ኩርኩሚኑን የሚያሟሟ 0.5 በመቶ ትዊን 80 ይጨመር፣ ቅንጣት የሌለው ኩርኩሚንም በሌላ ከረጢት ጎን ለጎን ይሂድ።

ከሕዋስ ላቦራቶሪ፦ በዚሁ ላይ የምጨምረው አለ። ኩርኩሚን ሕያው ሕዋስ የሚለካበትን የኤምቲቲን ቀለም ያለ ሕዋስም ሊቀይር ስለሚችል የሞተው ሕዋስ ሕያው ይመስላል። ኤምቲቲ ከመጨመሩ በፊት ሕዋሱ ይታጠብ፣ ሕዋስ የሌለባቸው ጉድጓዶችም ይኑሩ። መድኃኒት ያልያዘው ባዶ ቅንጣት በየሙከራው ይግባ፤ እሱ ራሱ ሕዋስ ከገደለ ገዳዩ የተረፈው ግሉታራልዲሃይድ ሊሆን ይችላል። ቅንጣቱ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም መግደያ) አይገባም፣ 200 ናኖሜትር ከደረሰም የ0.22 ማይክሮን ማጣሪያውን ይደፍናል። ፈሳሾቹን አስቀድሞ አጣርቶ በንጽሕና መሥራት ይሻላል። ለዕቃዎቹም ቢሆን ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ስለሆነችና የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል አውቶክሌቩ የሚታየው በግፊት መለኪያው ሳይሆን በ121 ዲግሪው ነው።

አስተባባሪ፦ ጥሩ። የመጀመሪያው ዓመት ኩርኩሚን በአልቡሚን፣ ዜይን ለማወዳደሪያ፤ ፓክሊታክሰል የሚጀመረው ሦስት ተከታታይ ዙሮች የገባውና የወጣው ሲቀራረብላቸው ብቻ ነው። ገጽ 6ንና 8ን ፎርሙሌሽኖች ጻፉልን። ፋርማሲዎች የፓክሊታክሰል አያያዝና አወጋገድ የሚለውን ክፍል አምጡ፤ እስካሁን ባዶ ነው፣ ያለ እሱ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ አናቀርብም። የቅንጣት መጠን መለኪያው የት እንደሚሠራና በናሙና ስንት እንደሚያስከፍል የሚያውቅ አባል እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ፤ በጀቱ እሱን እየጠበቀ ነው።