ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ ሠራተኞች የክበብ ምሳ፦ ከዚያው ድስት ምን ይቀየር?

የክበብ ወጥ ቤት (ለገሃር)

ጤና ይስጥልኝ። ለገሃር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ክበብ ውስጥ የምግብ ዝርዝር አወጣለሁ። ከተመጋቢዎቻችን መካከል ነፍሰ ጡሮችም፣ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሰው የሚያጠቡም አሉ። ለእነሱ ብቻ ሌላ ድስት መጣድ አንችልም። ጥያቄዬ፣ በዚያው በምንሠራው ምግብ ላይ ምን ይጨመር፣ ምን ይቅር፣ የምንስ ሰዓት ይቀየር የሚል ነው።

የምናቀርበው ይህን ነው። ጠዋት እንቁላል ፍርፍር፣ ፉልና ዱለት። በፍስክ ቀን ምሳ ጥብስና ቀይ ወጥ፣ ሐሙስ ደግሞ ክትፎ ከአይብና ከጎመን ጋር። በጾም ቀን በያይነቱ። ምሳ እንዳለቀ የጀበና ቡና ይቀርባል፤ ማኪያቶ፣ ሻይና ስፕሪስም አለ።

የብረት እንክብላቸውን ከምሳ በኋላ በማኪያቶ ውጠው «ያቅለሸልሸናል» የሚሉ አሉ። እንቁላል፣ ወተትና ሙዝ «ሕፃኑ ላይ ይለጠፋል» ብለው የሚተዉም አሉ። የሚያጠቡት አጥሚትና አብሽ ይጠይቁናል፤ የታለበ የጡት ወተትም በእኛ ፍሪጅ ያስቀምጣሉ። በግምት ሳይሆን በልክ የሚነግረኝ ባለሙያ ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

ሥነ ምግብ ባለሙያ (አራት ኪሎ)

መጀመሪያ የቡናውን ሰዓት ያዛውሩ። ሌላው ለውጥ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይሄኛው ምንም አይጠይቅም፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት እንደ ታኒን ያሉ ነገሮች ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ የተያዘው ብረት ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በዚህ ብዙም አይነካም። ስለዚህ ከምሳ ጋር የተያያዘው ቡና ይበልጥ የሚጎዳው የጾም ቀን ነው። ምሳ 6:30 የሚበላ ከሆነ ጀበናው 8:30 ላይ ይጣድ። ቡና ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢጠጣ ግን ችግር የለውም።

መጠኑም አለ። ለነፍሰ ጡር በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን በላይ ባይሆን ይመረጣል። የጀበና ቡና ውፍረቱ እንደምታፈላው ሰው ስለሚለያይ ስኒ ቆጥሮ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። አቦሉን አንድ ስኒ፣ ቢበዛ ሁለት ብላ ብታቆም ደግ ነው። ማኪያቶው፣ ሻዩና ኮካው ከዚያው ላይ ይደመራሉ።

በቡናው ቦታ የሚቀርበው ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ይሁን። ይህ ቫይታሚን የዕፅዋቱን ብረት ለመመጠጥ የተመቸ ያደርገዋል፤ ሆኖም የሚሠራው ሆድ ውስጥ አብረው ሲገናኙ ነው። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለምሳው ምስር አይደርስለትም። አንድ መካከለኛ ብርቱካን 70 ሚሊ ግራም ያህል አለው። ጥሬ ቃሪያ፣ ፓፓያ፣ እሳት ያልነካው ቲማቲምም ይሆናሉ። ሎሚ ድስት ውስጥ አይጨመቅ፣ እሳቱ ያጠፋዋል፤ ሳህን ላይ ይጨመቅ።

ምስሩን አያቅጥኑት። በነፍስ ወከፍ 60 ግራም ደረቅ ምስር ቢሰላ 4 ሚሊ ግራም ገደማ ብረትና 14 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ነፍሰ ጡር በቀን የሚያስፈልጋት ብረት 27 ሚሊ ግራም፣ ፕሮቲን ደግሞ 71 ግራም ግድም ነው። ስለዚህ ሁለት ጭልፋ ቀጭን ወጥ ከአንድ ትልቅ እንጀራ ጋር ሆድ ይሞላል እንጂ ጉድለቱን አይሞላም። «ጤፍ ብረት አለው» ተብሎም መዘናጋት አይገባም። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ ሰውነት ደግሞ ያንን እምብዛም አይመጥጠውም። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ቢቦካ ብረትንና ዚንክን የሚይዘው ፊቴት ይቀንሳል። ሽምብራና ባቄላም ሌሊቱን ተዘፍዝፈው ውሃቸው ይደፋ።

ጎመኑን ቀቅለው ውሃውን የሚደፉ ከሆነ ግን ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን አብረው እየደፉት ነው። በጥቂት ውሃ፣ ድስቱ ተከድኖ ይብሰል። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። በእርግዝናም በማጥባትም ጊዜ የቀን የአዮዲን ፍላጎት 250 ማይክሮ ግራም ነው፤ የሕፃኑ አእምሮ የሚያድገው በእሱ ነው።

አዋላጅ ነርስ

ስለ እንክብሉ እኔ ልጨምር። በክትትል ላይ የሚሰጠው 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ (በእንክብል የሚሰጥ ፎሌት) ያለው ነው። ከማኪያቶ ጋር መዋጡ ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል፤ ቡናውም ወተቱም ብረቱን ያግዱታል። የሚያቅለሸልሻት እናት ማታ ልትተኛ ስትል ትንሽ ነገር ቀምሳ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ትዋጠው። የካልሲየም እንክብል ወይም የቃር መድኃኒት ከታዘዘላት እሱንና ብረቱን በየተለያየ ሰዓት ትውሰድ፤ ብረቱ ማታ ከሆነ ካልሲየሙ ከቁርስና ከምሳ ጋር ይሁን። ሰገራ መጥቆሩ የብረቱ ጠባይ ነው፣ አያስደነግጥም። አንድ ቀን ቢረሳ በማግሥቱ ሁለት አይዋጥም። ሣጥኑ ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ፤ ጥቂት ፍሬ ለትንሽ ልጅ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ሄሞግሎቢን ላይ፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ብረት ያለበት ፕሮቲን ልኬት ላይ፣ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የደም ማነስ የሚባለው በዴሲ ሊትር ደም ከ11 ግራም በታች ሲሆን ነው፤ በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት 10.5። ይህ ግን ለባሕር ወለል የወጣ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የነዋሪው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የደም ማነስ መለያው ቁጥርም እዚህ ከ11 ከፍ ማለት አለበት። ውጤቱ 11.2 ስለሆነ «ደህና ነኝ» ብላ እንክብል የምታቆም እናት ካለች ከመወሰኗ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

«ይለጠፋል» ስለሚባለው፦ ሕፃኑ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ከሕፃኑ ከራሱ ቆዳ የሚወጣ ቅባትና የረገፈ የቆዳ ሴል ነው። ወተት የጠጣችውም ያልጠጣችውም እናት ልጅ ይኖረዋል። የእናት ምግብ ተፈጭቶ በደም በኩል ያልፋል እንጂ በአካሉ ማኅፀን አይገባም። ለሽማግሌዎቹም በዚህ መንገድ ቢገለጽላቸው ይረዳሉ፤ «ስሕተት ነው» ብሎ መዝጋት ግን እናቲቱን ከቤተሰቧ ጋር ያጣላታል።

ጤና አዳም በቡና ስኒ ውስጥ አይጠለቅ፤ ማኅፀን በማኮማተር የሚታወቅ ተክል ነው። ዱለቱን ደግሞ ነፍሰ ጡር ጨርሶ ብትተወው ይሻላል። ጥሬነቱ አንድ ነገር ነው፤ ጉበቱ ደግሞ ሌላ። 100 ግራም የበሰለ የበሬ ጉበት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ፣ ለነፍሰ ጡር የቀን ጣሪያ ከሆነው 3,000 ማይክሮ ግራም ከእጥፍ በላይ ነው። ሲበዛ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ጽንሱን ይጎዳል። «ደም እንዲሆንሽ» እየተባለ ጉበት በየቀኑ መብላት ስለዚህ ትክክል አይደለም።

ሼፍ (ፒያሳ)

የክትፎውን ነገር በግልጽ እንነጋገር፤ ለብ ለብ ለነፍሰ ጡር ጥሬ ነው። ቅቤው ሙቅ ስለሆነ የበሰለ ይመስላል እንጂ የሥጋው መሐል ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚገድል ሙቀት ላይ አይደርስም። የተፈጨ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ከድስቱ ሥር አንድ ማንኪያ ጨልፈው በነጭ ሳህን ላይ ይበትኑት፤ አንድም ቀይ ወይም ሮዝ ፍርፋሪ ከታየ ወደ እሳቱ ይመለስ። የሚፈራው የኮሶ ትል ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ እናቲቱን እምብዛም ሳያሳምማት የጽንሱን ዓይንና አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ወጥ ቤት ክትፎውን አብስሎ በሰላጣው ይሸነፋል፤ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ቢላና መክተፊያ ቲማቲም ላይ ይወርዳልና። መክተፊያውን በቀለም ለዩት።

አይቡ ካልተፈላ ወተት ከሆነ አይቅረብላቸው። እርጎም እንዲሁ፤ መኮምጠጡ ብሩሴላ የሚባለውን ከጥሬ ወተት የሚተላለፍ ባክቴሪያ በእርግጠኝነት አይገድልም። ሊስቴሪያ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ሳይቀር ይራባል። ከሠፈር የሚመጣ ወተት እስኪገነፍል ይፈላ፣ አይቡም እርጎውም ከዚያ ይሠራ።

ለሰላጣው ኮምጣጤ ብቻ አይበቃም፤ ቅጠል በቅጠል ተለያይቶ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ጎመንና ቆስጣ ሲገዙ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው አትክልት በተበከለ ውሃ ስለሚጠጣ፣ ማብሰል ተሕዋስያኑን ቢገድልም እንደ እርሳስ ያለውን ብረታ ብረት አያስወግድም። ስፕሪሱ ያለ ስኳርና ያለ በረዶ ይሁን። ስኳር በሽታ በእርግዝና የተገኘባት ግን ስፕሪሱን ትታ ፍሬውን ትብላ።

የክበብ ወጥ ቤት (ለገሃር)

በጣም ጠቅሞኛል። ቡናውን ከነገ ጀምሮ ወደ 8:30 አዛውራለሁ፤ ዱለቱንም ከጠዋቱ ዝርዝር አወጣዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ጾማቸውን አንተውም የሚሉትን ምን ላብላቸው? መክሰስስ ስንት ይሁን?

ሥነ ምግብ ባለሙያ (አራት ኪሎ)

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከነፍስ አባቷ ጋር ብትነጋገር ፈቃድ ታገኛለች፤ በረመዳንም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ እናት እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። ያም ሆኖ የምትጾም ካለች እኔ መጀመሪያ የምፈራው እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋሉን ነው። ምግቡ የጾም ቢሆንም በሰዓቱ ትብላ።

ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ከዕፅዋት በቂ አይገኝም፤ በምስርም በሱፍም አይተካም። ሁዳዴን 55 ቀን፣ ከዚያ ረቡዕና ዓርቡን የምትጾም እናት ቢ12 በእንክብል እንድትወስድ ሐኪሟን ታማክር፤ በተለይ ብታጠባ፤ እሷ ከጎደላት ሕፃኑም በወተቷ አያገኘውም። ሳህኗ ላይ ምስርና ሽሮ ሁለቱም ይኑሩ፣ አቮካዶ ይጨመር፣ ተልባ ወይም ሱፍ ይከተል።

መክሰስን በተመለከተ «ለሁለት ብዪ» ማለት እጥፍ መብላት አይደለም። ከአራተኛው ወር ጀምሮ በቀን 340 ኪሎ ካሎሪ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት 450 ገደማ ብትጨምር ይበቃል፤ አንድ ተጨማሪ ምግብ ማለት ነው። በፍስክ ሁለት በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ አንድ ሙዝና አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት 400 ያህል ይሆናል። በጾም ግማሽ አቮካዶ በዳቦና አንድ እፍኝ ቆሎ ያደርሳታል። ከእርግዝና በፊት ክብደቷ መካከለኛ የነበረ ሴት በጠቅላላው ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ልክ ነው።

የጡት ማጥባት አማካሪ

የምታጠባዋ ፍላጎት ከነፍሰ ጡሯ ይበልጣል፤ በቀን እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም ሁለት ተጨማሪ ምግብ። አራስ ቤት የተለመደው ገንፎ በቅቤ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑና ብረቱ ግን ትንሽ ነው። ከገብሱ ዱቄት ላይ ሩቡን በሽምብራ ዱቄት ይተኩ፣ ከጎኑ እንቁላል ወይም እርጎ ያድርጉ። አጥሚቱም በውሃ ብቻ ከሚፈላ በወተት ይፈላ። የብረት እንክብሉም ልጁ ስለተወለደ አይቆምም፤ ቢያንስ 6 ሳምንት ይቀጥላል።

አብሽ ለጣዕም ያህል አይጎዳም። ወተት ያበዛል የሚለው ግን ማስረጃው ደካማ ነው፤ ሲበዛ የእናትንም የልጅንም ሆድ ይነፋል። ለነፍሰ ጡሯ፣ ለስኳር መድኃኒት ወይም ለደም ማቅጠኛ ተጠቃሚ ደግሞ በብዛት አይሰጥ። ጠላም ወተት አያወርድም፤ አልኮል እንዲያውም የወተቱን መውረድ ያዘገያል። ወተት የሚበዛው ጡት ባዶ ሲሆን ነው። ሕፃኑ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፤ ሥራ ላይ ስትሆን እናቲቱ በየሦስት ሰዓቱ ትለብ።

ስለ ፍሪጁ፦ የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል 4 ሰዓት ይቆያል፤ ምድጃ አጠገብ ግን አይደለም። በ4 ዲግሪ ፍሪጅ 4 ቀን። ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ክዳናማ ዕቃ፣ ስምና የታለበበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበት፣ ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ኋላ ይቀመጥ። በሩ ላይ አይደረግ፣ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ጥሬ ሥጋ ካለበት ፍሪጅ ሌላ ቢገኝ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ሥጋው ከታች ይሁን። ሲሞቅ በሙቅ ውሃ ዕቃ ውስጥ ተነክሮ እንጂ በማይክሮዌቭ አይደለም፤ መሐሉ ሳይታወቅ ይቃጠላልና። ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋ። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አይክፈቱ፤ ከቆየ ወተቱን የቀዘቀዙ የበረዶ ጥቅሎች ወዳሉበት ማቀዝቀዣ ሣጥን ያዛውሩት፤ እዚያ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል።